የነብሮ ጉበት

ባለፈው ሳምንት ውሻዬን ይዤ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ አጠገብ ወደተከፈተ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ውሻዬ ስል የእኔ እንኳ አይደለም። ልጆቼ አዲስ አበባ ሥራ ይዘው ሲሄዱ ጥለውልኝ የሄዱት፣ ማክስ የሚባል፣ እንደ እኔው ደረጃ መውጣት ያቃተው ሽማግሌ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ሃያት ገና ልጅ እግር ናት። አባቷ ገበያ ውስጥ ብትን ጨርቅ ይሸጥ የነበረ ሰው መሆኑን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ የሠርጌን ሱሪ ጨርቅ የገዛሁት ከእሱ ነው። ከሁሉ በፊት የማክስን አፍ ፈልቅቃ ጥርሱንና ላንቃውን በባትሪ አየች። ከዚያ በጀርባው አስተኛችው፣ የሆዱን ፀጉር ላጨችለት፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ጨመቀችበትና የአልትራሳውንዱን እጀታ ከጎድኑ ሥር አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ጉበቱ ወጣ። መሃሉ ላይ አንድ ክብ ነገር ነበረበት። ከእሷ ቀድሜ አየሁት ብል ጉራ ይመስልብኛል እንጂ ቀድሜ አይቼዋለሁ።

እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። "አባባ አይደንግጡ" አለችኝ። ያረጀ ውሻ ጉበት ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ብዙ ጊዜ እንደሚገኝ፣ አብዛኛው ምንም የማያደርግ እንደሆነ፣ ክፉውን ከደጉ ስዕሉ ብቻውን እንደማይለይ፣ ስለዚህ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዳ እንደምታስመረምር አስረዳችኝ። "እንደ ሽበት ይቁጠሩት" አለች፣ ራሴን አየት አድርጋ። በቀልዷ ልስቅላት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ማክስን እዚያው ትቼ ወጣሁና ደጃፉ ላይ፣ ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ ወንበር አጠገብ፣ ቁጭ አልኩ። ያችን የሽበት ቃል የሚነግረኝ ሰው ያኔ ቢኖር ኖሮ አንድ ውሻ አልገድልም ነበር። ውሻው ብቻ ቢሆን ደግሞ ይህን ያህል ዓመት አያሳድደኝም ነበር።

ያኔ ስል፣ ይህችኑ ከተማ ሁላችንም "አዋሳ" ብለን የምንጽፍበት፣ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለስብሰባ የሚጠራንና ስኳርና ሳሙና በራሽን የምንወስድበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን እንዳትጠይቁኝ፤ ዓመቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሳፋሪ ኮት ነበረኝ፣ ባለ አራት ኪስ፣ የአመድ ቀለም ያለው፤ እሱን ለብሼ፣ ሱሪዬን ሰንሰለት እንዳይነክሰው በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ በብስክሌት ስሄድ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ነበር የማየው። ግማሹ ከተማ በብስክሌት፣ ግማሹ በጋሪ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ላይ ከመኪና ድምፅ ይልቅ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ በጉሮሮው ቃጫ የተሰካ ስድስት ቆሮሶ ዓሣ በሽልንግ፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ ይገዛል፤ ከተከራከሩ ሰባተኛ ይመረቃል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ሴቶቹ በብረት ምጣድ ዓሣ ይጠብሳሉ። ፒያሳ ካሴት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የክራር ዘፈን አለ፤ መሃሉ ላይ ካሴቱ ይጎተትና ዘፋኙ የሚያለቅስ ይመስላል። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሁሉም ነገር መስታወት ሆኗል። ጥሩ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ከተማ እንዲህ ነው የሚያድገው።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነበር። ጠዋት ቄራ ገብቼ የታረደ በሬ ጉበት በቢላ እየሰነጠቅሁ እመረምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የታመመ ከብት፣ አህያ፣ አልፎ አልፎም ውሻ አክማለሁ። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን አንድ ቀንም አላረምኳቸውም። ሳፋሪው ኮት ላይ ሲጨመርበት ያምርብኝ ነበር።

በዚያ መሃል ነው ማሽኑ የመጣው። አንድ ፈረንጅ ለበግ እርባታ ሥራ መጥቶ እርጉዝ በጎችን የሚያይበት ነበር። ሲጠሩት አልትራሳውንድ፣ ሲያዩት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የገባ ትንሽ ቴሌቪዥን። በጓ ስንት ግልገል እንደያዘች ይነግራል። ፈረንጁ ሁለት ሳምንት አስተማረኝ፣ ሥራው ሲቋረጥ ማሽኑን ለእኛ ትቶ ሄደ። ቆዳው ላይ የሚቀባው ዝልግልግ ነገር በወሩ አለቀ። ከየትም ማምጣት አይቻልም። መቼም ችግር ብልሃትን ይወልዳል፤ ተልባ በውሃ አፍልቼ፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ፣ ያንን ልጋጋም ውሃ መቀባት ጀመርኩ። ይሠራል። እንዲያውም ከፈረንጁ ይሻላል እያልኩ እፎክር ነበር። ክፍሉ ሁልጊዜ ተልባ ተልባ ይሸታል፤ ሰዎች የጾም ምሳ የሠራሁ እየመሰላቸው በቀልድ እንጀራ ይዘን እንምጣ ወይ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ማሽን ከሚስቴ በላይ ነበር የምንከባከበው፤ ይህን የምትለው እሷው ነበረች። በግ ሲጠፋ ፍየል አይበት ነበር፣ ፍየል ሲጠፋ የራሴን ሆድ። በሽተኛ ሲመጣልኝ ገና ምን ሆነ ብዬ ሳልጨርስ ተልባውን አነሳለሁ።

እማማ ዳንጊሴ አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብሱ የሲዳማ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ጎረቤት ለጎረቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚዘምሩት ወገን ናቸው። አንድ ልጃቸው ማቴዎስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ማቴዎስ ቡችላ ሆኖ ያሳደገው፣ ጀርባው ላይ ጠቃጠቆ ያለበት ነብሮ የሚባል ውሻ ነበራቸው። ልጁ ሲሄድ ውሻው ቀረ። ቀን ቀን እማማን ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሶ አጥሩ በር ላይ ልጁ በሄደበት አቅጣጫ ይተኛል። እኔ የእሳቸው ደንበኛ ስለነበርኩ ነብሮን አውቀዋለሁ፤ እኔን ግን ከቁም ነገር ቆጥሮኝ አያውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ነብሮን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ጋሪ ነጂዎቹ ውሻ አንጭንም ብለዋቸው ከሐይቁ ድረስ በእግራቸው ነው ያመጡት። መንገድ ላይ ሰው ስቆባቸዋል፤ ለሰው መድኃኒት በጠፋበት ዘመን ውሻ ሐኪም ቤት የሚወስዱ አሮጊት ያስቃሉ። ውሻው ከበላ አሥር ቀን አልፎታል። ውሃ እንኳ ሲሰጡት ጥቂት ልሶ ይመለሳል። ጎድኑ ይቆጠራል። እማማ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ለምን እንዲህ እንደደከሙ ነገሩኝ።

"ማቴዎስ ሲሄድ 'ነብሮን አደራ' ብሎኛል" አሉ። "እኔ ይሄ ውሻ ካለ ልጄ አለ እላለሁ። ፓስተሩ ቢሰማ ይቆጣኛል። ግን እንደዚያ ነው የማስበው።"

እንግዲህ ምን እንዳደረግሁ ልናገር። አፉን አልከፈትኩም። ከበላ አሥር ቀን የሆነውን እንስሳ አፉን ማየት የመጀመሪያ ትምህርታችን ነው፤ በሬ ቢሆን፣ አህያ ቢሆን መጀመሪያ ምላሱን ነበር የምይዘው። ግን ማሽኑ ነበረኛ። ሆዱን በምላጭ ላጨሁት፣ ተልባውን ቀባሁት፣ እማማ ጭንቅላቱን ይዘው በቋንቋቸው እያባበሉት አየሁት። የውሻ ጉበት በማሽን ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው። ጉበቱ እንደ እርጥብ አመድ ግራጫ ሆኖ ወጣ፣ ሐሞቱ ጥቁር ክብ ሆኖ ታየኝ፣ ከእሱ ፈንጠር ብሎ ደግሞ አንድ፣ ወዲያ ማዶ ሌላ፣ ጠቆር ያሉ ድቡልቡሎች። ልቤ ዘለለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዘለለው በደስታ ነው። አገኘሁት ብዬ።

ጉበቱ ላይ እጢ ወጥቶበታል አልኳቸው። ይድናል ወይ አሉኝ።

"እማማ፣ ጉበት ላይ ከወጣ ተስፋ የለውም" አልኩ።

ይህን ከየት አመጣሁት? ማንም አላስተማረኝም። ቄራ ውስጥ የተበላሸ ጉበት ሳይ ጥዬ ማስቀበር ነበር የለመድኩት፤ እንዲህ ያለ ጉበት ይዞ የሚኖር እንስሳ ተከታትዬ አላውቅም። እማማ የማቴዎስ አባትም በጉበት እንደሞተ፣ ቢጫ ሆኖ ስምንት ወር ሙሉ ሲጮህ እንደነበር ነገሩኝ። ይህም እንደዚያ ይጮሃል ወይ ብለው ጠየቁ። አይቀርም አልኩ። የነብሮን ጆሮ በሁለት ጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩና፣ "እንግዲያው አታሰቃየው" አሉ። መርፌውን ስወጋው ራሱን ጭናቸው ላይ አድርጎ ነበር። አልታገለኝም።

አጥቤ ልስጥዎት፣ ወደ ማታ ይምጡና ይውሰዱት ብዬ ሸኘኋቸው። ላጥበው አልነበረም። በማሽን ያየሁትን በዓይኔ አይቼ፣ ስዕሌ ትክክል መሆኑን ላረጋግጥ ፈልጌ ነው። ከፈትኩት። ድቡልቡሎቹ ነበሩ፣ ልክ ባየሁባቸው ቦታ። ግን ቀለማቸው የጉበቱ ቀለም ነው፣ ለስላሳ ናቸው፣ ዙሪያቸው ጤነኛ ነው። በሺህ የሚቆጠር ጉበት ሰንጥቄአለሁ፤ ክፉ ነገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ይህ ክፉ አልነበረም። ግራ ገብቶኝ ቀና ስል የነብሮ አፍ ተከፍቶ ነበርና ሽታው መታኝ። መንጋጋውን ፈልቀቅ አደረግሁት። የቆሮሶ እሾህ፣ የጀርባው ወፍራም እሾህ፣ ላንቃው ላይ ከግራ ጥርስ እስከ ቀኝ ጥርስ እንደ በር መወርወሪያ ተሰክቶ ሥጋው በስብሶ ነበር። በወረንጦ ሳብኩት። በአንድ ስባት ወጣ።

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ያደረግሁትን ሁሉ አላስታውስም። የሰፋሁት ትዝ ይለኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም። እማማ ሲመጡ ልነግራቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ከተቀመጡ በኋላ ከጡታቸው ሥር አንድ ወረቀት አውጥተው፣ ለማቴዎስ ደብዳቤ ጻፍልኝ አሉኝ። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። ነብሮ ጉበቱን ታሞ እንደሞተ፣ ዶክተሩ በማሽን አይቶ እውነቱን እንደነገራቸው፣ እንዳልተሰቃየ፣ ማቴዎስም እንዳያዝን። በራሴ እጅ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ፖስታ ቤትም የከተትኩት እኔው ነኝ።

የዚያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ከዚያ በፊት ማቴዎስ በሁለት በሦስት ወሩ ጥቂት መስመር ይልክ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝም። በሰሜን ምን እንደተፈጠረ ሬዲዮው አይናገርም፣ ሰውም ጮክ ብሎ አይጠይቅም። እማማ ውሻው ካለ ልጄ አለ ያሉኝን እምነታቸውን ደግመው አላነሱትም። ዓሣቸውን መጥበስ ቀጠሉ፤ ግን ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብለው ሳያገላብጡት የሚቆዩበት ጊዜ መጣ፣ ደንበኛውም አረረ እያለ ወደሌሎቹ ሄደ። እኔም መንገዴን ቀየርኩ። ዓሣ የምገዛው ከወዲያኛው ጫፍ ሆነ።

አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ እሳቸው ራሳቸው መጡ። ቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈዋል። ትኩሳት ሲለቃቸው ሲይዛቸው ወር ሆኖታል። እንደ ነብሮ በማሽኑ እየኝ አሉ። ማሽኑ ግን መብራት ሲዋዥቅ ተቃጥሎ ሣጥኑ ላይ የመድኃኒት ካርቶን ተደርድሮበት ነበር። እጄን ይዘው ጎናቸው ላይ አደረጉት። ከጎድናቸው ሥር አንድ የሚሞቅ፣ ያበጠ ነገር እጄን ሞላው።

አዲስ አበባ እንውሰድዎት አልኳቸው። እኔ እወስድዎታለሁ፣ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ዘመድ አለኝ ያስተኛናል። ይህንን ሁሉ ደጋግሜ ተናገርኩ። እማማ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ጉበት ላይ ከወጣ ተስፋ የለውም። አንተ ነህ የነገርከኝ" አሉኝ። "ነብሮን አላሰቃየህብኝም። እኔም ሰው አገር ሄጄ ከምጮህ ቤቴ ይሻለኛል። ማንን ልጠብቅ ብዬ ነው?"

አፌ ላይ ነበር። እማማ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ጉበቱ ደህና ነበር፣ እሾህ ነው። ይህችን ብል እሳቸው ያ ፍርዴ ስህተት መሆኑን ያዩ ነበር፣ ምናልባትም ጋቢያቸውን ይዘው አብረውኝ ይነሱ ነበር። ግን እንዲህ ካልኩ ልጃቸው አደራ ያለውን ውሻ፣ የልጃቸውን ነፍስ ያሰሩበትን ውሻ፣ በከንቱ ገደልኩት ማለት ነው፤ ዓመት ሙሉ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ ማለት ነው። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራሁ። ቆመው መረቁኝና ሄዱ። ሁለት ወር አልቆዩም። ልጃቸው ሞቷል ብለው አምነው፣ ተከትዬው ልሂድ እያሉ ሞቱ። ኋላ ለአንድ የሰው ሐኪም ወዳጄ፣ የማን እንደሆነ ሳልነግር፣ ምልክቱን ገለጽኩለት፤ ትኩሳቱን ሲሰማ መግል ሊሆን ይችል ነበር፣ በመርፌ ይቀዳል፣ መድኃኒትም አለው አለኝ። ሊሆን ይችል ነበር። ማንም አላየውም።

መንግሥት ሲለወጥ ማቴዎስ መጣ። ተማርኮ ነው የቆየው። በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ እንደገና በእግሩ መጥቶ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። ደብዳቤው ከመማረኩ በፊት ደርሶት ኖሯል። እየጠያየቀ ቢሮዬ ድረስ መጣና እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ መሬት አግኝቶ ላሞች ያዘ፤ ላሞቹን እኔ ሳክምለት ኖርኩ። ሚስት አገባ፣ ልጆቹን ዳረ፣ እሱም ሸበተ። በየበዓሉ ይጠራኛል። ምግቡ ሲነሳ ሁልጊዜ ስለ እናቱ አውራ ይለኛል። ዓሣውን እንዴት እንደሚጠብሱ፣ ምን እያሉ ከደንበኛ እንደሚከራከሩ። እነግረዋለሁ። አንዳንዴም እየጨመርኩ እነግረዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት ስበላለት የኖርኩት እንዲህ ሆኖ ነው።

ከዶክተር ሃያት ክሊኒክ በወጣሁ በማግስቱ ቱላ ሄድኩ። ማቴዎስ ለላሞቹ ሣር ሲያጭድ አገኘሁት። ሣሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እሾሁን፣ ደብዳቤውን፣ የእናቱን ጎን በእጄ መንካቴን። ማጭዱን አላስቀመጠም፣ ማጨዱን ግን አቁሞ ነበር።

"ጎኗን ይዛ ስትመጣ፣ ያኔ ያውቁ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ቢነግሯት ትሄድ ነበር?"

"አላውቅም፣ ማቴዎስ። ይሄዱ ነበር ይመስለኛል።"

 ለምን አሁን እንደነገርኩት ጠየቀኝ፤ ሳልሞት ብዬ ነው አልኩት። ለራስዎ ብለው ነዋ የነገሩኝ አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።  ከዚያ ማጭዱን አስቀምጦ፣ ከድንጋዩ ላይ መነሳት እንዳቃተኝ አይቶ በብብቴ ደግፎ አነሳኝ። እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ እኔ በምችለው እርምጃ፣ ክንዴን ይዞ አብሮኝ ተራመደ። ባጃጅ አስቆመ፣ ለሹፌሩ የምወርድበትን ነገረው።

"እናቴን የሚያውቅ ሰው የቀረኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ" አለኝ። "ከእንግዲህ አይምጡ።"

ከዚያ ነፋስ እንዳይመታኝ የባጃጁን መጋረጃ ጎትቶ ዘጋልኝ።